ያላየነው ቤት



ዛሬ የማካፍላችሁ በራሴ የደረሰ ነገር ነው። ጉዳዩ ከአገር ውጭ የዕረፍት ቤት መግዛትን ይመለከታል። «እኛን የቤት ኪራይ እያቃጠለን አንተ የባሕር ዳርቻ ቤት ታወራልናለህ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ገዢው አጎቴ ነበሩ፤ እኔ ዓይናቸው ነበርኩ። ዛሬ በየከተማው ስንቶቻችን ነን ውጭ ላለ ዘመድ ዓይን የሆንነው? «አንተ እዚያው ነህ፣ ሄደህ እየውና ንገረኝ» የሚል ስልክ ያልተደወለለት ማን አለ? ስለዚህ ነገሩ የእናንተም ነው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከደሴ ከወጡ ሃያ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠሩ፣ ከዚያ ታክሲ ነዱ። አራት ልጆች አሳደጉ፤ ዜግነትም ወሰዱ። ወደ አገር ቤት ሲመጡ ብዙ ጊዜ በኢስታንቡል በኩል ነው የሚያልፉት። ታዲያ አንድ ሐሳብ ያዛቸው። «ቱርክ ላይ ትንሽ ቤት ብትኖረኝ፣ ልጆቼን ከዚህ፣ እናቴን ከደሴ አመጣና ሰመሩን ግማሽ መንገድ ላይ አብረን እናሳልፋለን። ልጆቹም አዛን ከስልክ ሳይሆን ከሚናራ ይሰማሉ» ይሉ ነበር። እናታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው።

እኔ በዚያን ጊዜ በቱርክ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ቡርሳ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። አንድ ማታ አጎቴ ደወሉ። ደላላ የላከላቸውን ቪዲዮ አይተዋል። ቦታው ያሎቫ ክፍለ ሀገር፣ ቺናርጂክ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ዋጋው 118,000 ዶላር። ባሕሩ አምስት ደቂቃ፣ መስጂዱ ሦስት ደቂቃ፣ ከታች የመዋኛ ገንዳ። «ሰኞ ዋጋው ይጨምራል፣ 5,000 ዶላር ቀብድ ላኩ» ብሏቸዋል።

«አንተ ቅርብ ነህ አሉ። ሄደህ እየውና ልላከው?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ታምኜ መጠየቄ ኩራት ሰጠኝ። ግን እኔ ብስክሌት እንኳ ገዝቼ አላውቅም። «አጎቴ፣ ቀብዱን አይላኩ። ይምጡና አብረን እንየው» አልኳቸው። ደላላው ይህን ሲሰማ «ሰኔ ላይ ይምጡ፣ ያኔ ነው የሚያምረው» አለ። አጎቴ ግን የታክሲ ሰው ናቸው። «መኪና የሚፈተሸው ዳገት ላይ ነው» ብለው እ.ኤ.አ. ጥር 2024፣ በብርዱ መጡ።

ከኢስታንቡል የኒካፒ ወደብ ተነስተን በፈጣን ጀልባ ማርማራን ተሻግረን ያሎቫ ደረስን። ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። ደላላው መኪና ይዞ ወደቡ ላይ ጠበቀን። ምሳ ጋበዘን። ከዚያ በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ አድርጎ ወሰደን። ቤቱ ስንገባ ሞቅ ብሏል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ሶፋው አዲስ ነው፣ በመስኮቱ ባሕሩ ተዘርግቷል። አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና መሐል ቆሙ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ሃያ ስድስት ዓመት መሪ ይዞ የኖረ ሰው ደስታ ነበር።

አጎቴ ውዱእ ሊያደርጉ ሲገቡ ደላላው እኔን ወደ በረንዳው ጠራኝ። በቱርክኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በዚህ ሳምንት ከፈረሙ 3 በመቶ ለአንተ ነው። እሳቸው ማወቅ አይጠበቅባቸውም» አለኝ። በጭንቅላቴ አሰላሁት፤ 3,540 ዶላር። በዓመት ከማገኘው የተማሪ ድጎማ ይበልጣል። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። «እናያለን» ብዬ ገባሁ።

ያን ዕለት ማታ ሆቴል ውስጥ አጎቴ «እንዴት አየኸው?» አሉኝ።

«ቆንጆ ነው» አልኳቸው።

ውሸት አይደለም፤ ቆንጆ ነበር። ግን ያን ቃል ስናገር በአፌ ውስጥ የደላላው ገንዘብ እንዳለ ተሰማኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

በማግስቱ ከፈጅር በኋላ አጎቴ «ዛሬ ያለ ደላላ እንሂድ» አሉ። እንደ እኛ አገር ሚኒባስ ታክሲ ያለ፣ ዶልሙሽ የሚሉት አለ፤ በእሱ ሄድን። በሰመር በየደቂቃው የሚመጣው መኪና በብርዱ ወራት ብዙ ያስጠብቃል። ቺናርጂክ ስንደርስ ከተማዋ ሌላ ሆነች። አብዛኛው ሱቅ ተዘግቷል። ሕንጻዎቹ መጋረጃቸው እንደወረደ ነው። ዝናብ ያካፋል።

ከባሕሩ ዳር ተነስተን ወደ ሕንጻው በእግር ወጣን። «አምስት ደቂቃ» የተባለው በመኪና ነው። እኛ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ፈጀብን። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። አጎቴ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ግንብ ላይ ተቀመጡ። በሁለተኛው ጊዜ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ወደ ታች አዩና «እናቴ ይህን አትወጣውም» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቪዲዮው ዳገት አያሳይም፤ ካሜራው አይደክመውማ።

ዙህርን እዚያው ሰፈር መስጂድ ሰገድን። ሰባት ሰው ነበር። ከሰላት በኋላ ኢማሙና ሽማግሌዎቹ ሻይ አቀረቡልን፤ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «ሐበሽ» ስንላቸው ቢላልን አንስተው አመሰገኑ። ከዚያ ስለ ሕንጻው ጠየቅናቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ በእርጋታ ነገሩን፦ ከሕንጻው ጀርባ ያለው የአፈር መደገፊያ ግንብ ባለፈው ዓመት ዝናብ ተንዶ እንደገና ተሠርቷል፤ በሰመር ሰው ሲበዛ ደግሞ ላይኛው ሰፈር ውኃ ይጠፋል። እነዚህ ሰዎች ከእኛ የሚያገኙት ኮሚሽን የለም። ወንድሞቼ፣ ባዕድ አገር ቤት የሚያይ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ መስጂዱና ወደ ሻይ ቤቱ ነው።

ወደ ሕንጻው ሄደን ጠባቂውን «የሚሸጥልንን ቤት አሳየን» አልነው። ለካ ትናንት ያየነው ማሳያ ቤት ነው! የእኛ የተባለው በጀርባ በኩል ነው። ጋዝ ገና አልገባለትም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቁም ሳጥኑን ስበን ስናይ ግድግዳው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል።

ወደ ያሎቫ ከተማ ስንመለስ ባሕሩ ዳር ለመሬት መንቀጥቀጥ ሰለባዎች የቆመውን መታሰቢያ አየን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1999፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ያ አካባቢ ተናወጠ። በመንግሥት ቁጥር ብቻ ከ17,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ያሎቫ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ነበረች። በኋላ ሲመረመር ከፈረሱት ሕንጻዎች አንዳንዶቹ ባልታጠበ የባሕር አሸዋ የተቦኩ ሆነው ተገኙ። ጨው ብረትን ይበላል። ዓመታት ቀስ ብለው ብረቱን በልተው ሌሊቱ ሲመጣ ግድግዳው የሚይዘው አጣ። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2023 ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ በኩል በካህራማንማራሽ 7.8 እና 7.5 የሆኑ ሁለት መንቀጥቀጦች በአንድ ቀን መጥተው ቱርክ ውስጥ ብቻ ከ50,000 በላይ ሰው አለቀ። እኔ ያኔ ቡርሳ ነበርኩ፤ የዶርም ጓደኞቼ ቤተሰባቸውን በስልክ ሲፈልጉ አይቻለሁ።

እዚያ ቆመን አጎቴ «ይህን ሁሉ ሰው የገደለው መንቀጥቀጡ ነው ወይስ አሸዋው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ግን አሸዋውን የቦካው ሰው ቤቱን ሲሸጥ «ቆንጆ ነው» ብሎ እንደሸጠ ገባኝ። እኔም ትናንት ያንኑ ቃል ነው ያልኩት። እዚያው ነገርኳቸው፤ 3 በመቶውን፣ በረንዳውን፣ «እናያለን» ማለቴን።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ባሕሩን ያያሉ። ከዚያ «ለምን ትናንት አልነገርከኝም?» አሉኝ።

«ፈራሁ» አልኩ። ከዚያ ደግሞ እውነቱን ጨረስኩት፦ «ፈለግሁትም።»

«ሁለተኛውን ስለነገርከኝ አላህ ይጨምርልህ። የመጀመሪያውን ብቻ ብትለኝ አላምንህም ነበር» አሉ። ያን ቀን ሌላ አልተነጋገርንም። ዛሬም ያን ዝምታ ሳስበው ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠበቃ ያዝን፤ ደላላው ያላመጣውን፣ ራሳችን የፈለግነውን። የቱርክ የቤት ካርታ «ታፑ» ይባላል። ጠበቃው ታፑ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አስረዳን። ሕንጻው ገና በግንባታ ላይ እያለ የሚሰጥ አለ፤ አልቆና ተፈትሾ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም «ኢስካን» ሲያገኝ የሚሰጥ ሙሉ ካርታ አለ። የእኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ኢስካን የለውም። ከዚያም በላይ የባንክ ብድር መያዣ ተጽፎበታል።

ሌላው የተስፋ ቃልም አንድ በአንድ ወደቀ። «ቤቱን ሲገዙ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛሉ» ተብለው ነበር፤ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ግን በቤት ባለቤትነት ፈቃድ ለማግኘት የንብረቱ ዋጋ ቢያንስ 200,000 ዶላር መሆን አለበት። ዜግነት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ 400,000 ነው። «በሌሉበት ጊዜ በቀን በቀን እያከራየን ቤቱ ራሱን ይከፍላል» ተብለው ነበር፤ ከጥር 2024 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ግን ከ100 ቀን ላልበለጠ ኪራይ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለዚያ ደግሞ የሕንጻው የቤት ባለቤቶች በሙሉ በአንድ ድምፅ መስማማት አለባቸው። የሕንጻውን አስተዳዳሪ ጠየቅነው። ሳቀና «እኛ አሳንሰሩ ይጠገን በሚለው እንኳ አልተስማማንም» አለን።

አጎቴ አልፈረሙም። የደላላው ስልክ ከዚያ ወዲያ ቀዘቀዘ። 5,000 ዶላሩ ግን ተልኮ ቢሆን ኖሮ ማን ይመልሰው ነበር?

ቡርሳ ስመለስ ይህን ጉዳይ ለአንድ ፊቅህ ለተማረ ወንድም አነሳሁለት። የነገረኝ ነገር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሻፊዒ መዝሀብ በጠንካራው አቋም ያላዩትን ነገር መሸጥና መግዛት አይጸናም። ሐነፊዎች ይፈቅዱታል፤ ግን ለገዢው «ኺያሩ ሩእያ» ይሰጡታል፤ ዕቃውን ሲያየው ካልወደደው ውሉን የማፍረስ መብት ማለት ነው። ኦቶማኖችም በ1869 እና በ1876 መካከል ባዘጋጁት «መጀለ» በሚባለው የሕግ መጽሐፋቸው ይህንኑ አስፍረውት ነበር። ቱርክ ግን በ1926 የስዊስን ፍትሐ ብሔር ሕግ ወስዳ መጀለን ትታዋለች። እናም ዛሬ እዚያ «ሳየው አልወደድኩትም» ብለህ ታፑ አትመልስም። የማየት መብትህን የምትጠቀመው ከፊርማው በፊት ነው። ሁለቱም መዝሀቦች የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ባላወቀው ነገር እንዳይታለል።

በዚያው ዓመት ሰመር አጎቴ ቤተሰባቸውን ይዘው መጡ። አያቴም የቪዛው ጣጣ አልቆላቸው ከደሴ መጡ። ቤት አልገዙም፤ ያሎቫ ከተማ ውስጥ ለአንድ ወር ተከራዩ። ይህ ወር ከማንኛውም ቪዲዮ የበለጠ አስተማረን። ሌሊት የትኛው መንገድ እንደሚጮህ፣ ገበያው የትኛው ቀን እንደሚቆም፣ ሐኪም ቤቱ ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ፣ «አይዳት» የሚሉት የጋራ ወርሃዊ ክፍያ ገንዳ ያለበት ሕንጻ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አወቅን። የአጎቴ ባለቤት ገንዳውን መጀመሪያ የፈለጉት እሳቸው ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት «ገንዳ ለአንድ ወር ነው፣ ክፍያው ለአሥራ ሁለት ወር ነው። ይቅርብኝ» አሉ። አያቴ ደግሞ በየቀኑ ከዐስር በኋላ አንዲት ቱርካዊት አሮጊት ጎን አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱም የሌላዋን ቋንቋ አያውቁም። ሁለቱም ተስቢሕ ይዘዋል። ይኸው በቃቸው።

በኅዳር አጎቴ ለሦስተኛ ጊዜ ብቻቸውን መጥተው ገዙ። ሁለት ክፍል፣ ሊፍት ያለው፣ ኢስካን ያለው፣ ከ2019 ጀምሮ በሚሠራው አዲሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ የተሠራ። ከባሕሩ ዳር አይደለም። ያማከሩት መሐንዲስ ሜዳው ላይ ያለው ለስላሳ አፈር ሲናወጥ እንደሚከፋ ነግሯቸው ነበር። ስለዚህ አያቴ ሳይደክማቸው የሚወጡት፣ ግን ከደለሉ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ መረጡ፤ የአፈሩንም ምርመራ አስነበቡ። ለውጭ አገር ሰው ግዴታ የሆነውን የዋጋ ግምት ሪፖርት አወጡ፤ ገንዘቡን በባንክ አስተላለፉ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መድኑን ገቡ። ሻጩ «ታፑው ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ 4 በመቶ ግብሩ ይቀንስልዎታል» አላቸው። አጎቴ «የሐሰት ወረቀት ይዤ ቤቴ ውስጥ አልሰግድም» ብለው ሙሉውን ከፈሉ። ፊርማው ላይ ቃለ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ ነበር። እኔ ጎናቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ምንም አልተከፈለኝም፤ ከቢሮው ስንወጣ ግን ከሁለቱ ቁልፎች አንዱን እጄ ላይ አደረጉ። «አንተ እዚህ እስካለህ እየው። ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ፤ ክፉውንም» አሉኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ነገ አንድ ዘመዳችሁ ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከስቶክሆልም ደውሎ «ቦታ አግኝቻለሁ፣ እየውልኝ» ይላችኋል። ምናልባት አዲስ አበባ ያለ አፓርታማ ነው፤ ምናልባት ኮምቦልቻ ያለ መሬት ነው። ያ ገንዘብ የሰው ወገብ ነው። ሌሊት ሽፍት ነው፤ የሰው ቤት ጽዳት ነው።

እንግዲህ ዓይን ስትሆኑ ከደላላው ጋር ብቻ አትሂዱ፤ ያለ እሱ በሌላ ሰዓት ተመለሱ። በዝናብ እዩት፣ በማታ እዩት። በመኪና የተባለላችሁን በእግራችሁ ለኩት። ማሳያውን ሳይሆን የሚሸጠውን ቤት አስከፍቱ፣ ቁም ሳጥኑንም ሳቡ። ጎረቤት ጠይቁ፣ መስጂድ ግቡ። ካርታውን በራሳችሁ ጠበቃ አስመርምሩ። «ሰኞ ዋጋ ይጨምራል» ካሏችሁ ሰኞን አሳልፉት። ከተቻለም ባለቤቱ ራሱ መጥቶ እስኪያይ ቀብድ አታስልኩ፤ የአውሮፕላን ትኬት ከተበላ ቀብድ ይረክሳል።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በረንዳው ላይ ጠርተው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያናግሯችሁ ቀን ይመጣል። ያን ዕለት እንደኔ «እናያለን» አትበሉ። እምቢ በሉና በዚያው ማታ ለዘመዳችሁ ንገሩት። እኔ አንድ ሌሊት አሳድሬዋለሁ፤ አንድ ሌሊት እንኳ ረጅም ነው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።